ቁልቁል የገራዶ ሂሳብ

ሰኞ የደሴ ገበያ ነው። ከገራዶ ሽቅብ አህያ የሚነዳው ገበሬ፣ ዶሮ ያንጠለጠለችው እናት፣ ሳይክሉን የሚገፋው ጎረምሳ ሁሉም መንገድ ዳር ነው የሚሄዱት። አንዳንዱ ባጃጅ ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ቁልቁል ይለቀዋል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ይሄን ሳይ ሂሳቡ ነው የሚመጣብኝ፦ ቤንዚኑን የሚያተርፈው ሹፌሩ፣ ቦይ ውስጥ ዘላ የምትገባው ገበያተኛዋ። እግረኛ ግራውን ይዞ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ይሂድ ይባላል። እሺ፣ ግራው ገደል ሲሆንስ? አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ የተወሰኑ ጎዳናዎችን በወር አንድ እሁድ ለመኪና መዝጋት ጀምራ ነበር። እኛ ጋ ይዘጋ አልልም፤ ባጃጅም እንጀራ ነው። ግን ኩርባው ላይ ክላክስ ከማስጮህ በፊት ማርሽ አስገቡ። ሳይክል ነጂዎችም ከገበያ ቁልቁል ስትመለሱ ያው ነው፤ ፍሬናችሁን ደሴ እያላችሁ አስፈትሹ።