ሩቅ የሚሄደው ወፍራሙ ጥይት አይደለም

ስለ ጠመንጃ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የሚወደሰው በርሜሉና ሰደፉ፣ ከዚያም ተኳሹ ነው። ፉከራው ውጅግራን፣ ምንሽርን፣ ቤልጅግን በስም ይጠራል፤ ጥይታቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ረጅም ርቀት የሚመታ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገጣጥም ሰው ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ይህንኑ የተረሳ ነገር ነው። በርሜሉም፣ ካዝናውም፣ የጋዝ መንገዱም ጥይቱን ተከትለው ይመጣሉ።

ካሊበር የበርሜሉ የውስጥ ስፋት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ብዙው ሰው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ሲባል የክላሽም፣ የኤም ፎርቲንም፣ የድራጉኖቭም ጥይት ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 51፣ የሦስተኛው 54 ይረዝማል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስፋቱን ብቻ ተናግሮ ጥይት የሚጠይቅ ሰው ወገቡን ብቻ ለክቶ ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ነው።

ከዚህ የባሰ ሥር የሰደደ ስሕተትም አለ። ገለምሶ ውስጥ አንድ የበርጫ ወግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ለዚህ ጸሐፊ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው የውጅግራን ጥይት ውፍረት አሳይተውታል፤ እንዲህ ያለ ጥይት የማይደርስበት ተራራ የለም ባይ ናቸው። ወፍራም ሩቅ ይሄዳል የሚለው እምነት የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን የሚገዙ ወጣቶችም በዚሁ ይሸወዳሉ።

ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እርሳሱ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ነበረው። በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ ከአፈሙዙ የሚወጣው ግን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ሲያወጡ ስፋቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱን ወደ 15 ግራም አወረዱት፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ600 ሜትር አለፈ። በ1898 ደግሞ ጥይቱን ሹል አድርገው ጭራውን አጠበቡት፤ ክብደቱ ከ13 ግራም በታች ወርዶ ፍጥነቱ ወደ 700 ደረሰ። በቀጠነና በሾለ ቁጥር ሩቅ ሄደ ማለት ነው።

የዚህ ለውጥ ትርፍራፊ ኢትዮጵያም ደርሷል። ፈረንሳዊው ነጋዴ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ የሚያህሉ፣ በአውሮፓ ጡረታ የወጡ የቆብ ጠመንጃዎችንና የረሚንግተን ጥይቶችን በታጁራ በኩል አምጥቶ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1887 ከእንጦጦ ወደ ሐረር የተመለሰው ከተጓዡ ዡል ቦረሊ ጋር በኢቱ አገር በኩል ሲሆን፣ ገለምሶ ላይ ያገኘው የደጃዝማች ወልደ ገብርኤልን የጦር ሰፈር ነበር። ለበል አንድ ዓመት ሞልቶት ሳለ ለኢትዮጵያ የሚላከው እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ነበር።

ወደ ፊዚክሱ እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። መሬት ሁሉንም ጥይት እኩል ትስባለች፤ በመጀመሪያው ሰከንድ ቀጭኑም ወፍራሙም ወደ አምስት ሜትር ገደማ ይወድቃሉ። የሚለያዩት በዚያች ሰከንድ ስንት ሜትር ሄዱ በሚለው ነው፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ አየሩ ነው። ረጅም፣ ሹልና ጭራው የጠበበ እርሳስ አየሩን ሰንጥቆ ፍጥነቱን ይዞ ይጓዛል፤ አጭርና ድንቡሽ ያለው እየገፋ ይደክማል። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር፣ ማለትም ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ጥይቱ መናወጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ማነጣጠር ልመና ነው። በባሕር ወለል ላይ ፖይንት 308 የሚባለው፣ ስፋቱ ያው ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት የሆነው ጥይት ብዙውን ጊዜ ከ900 ሜትር አለፍ ብሎ እዚህ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከእሱ የሚቀጥነው 6.5 ክሪድሙር ግን ከ1,100 ሜትር ያልፋል።

ገለምሶና ጭሮ ከባሕር ወለል በ1,800 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ አየራቸው ከጅቡቲ ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ጠረፍ ላይ ለሩቅ ዒላማ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ እዚህ ሲመጣ ከዒላማው በላይ ያስመታል። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ውስጥ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ መኮንን ነበሩና ይህ ስሌት እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።

ታዲያ ቀጭኑ ይህን ያህል ከተሻለ ለምን ሁሉም አልያዘውም? መልሱ መጋዘን ውስጥ ነው። ጆን ጋራንድ ኤም ዋን የተባለውን የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ሲነድፍ የሰባት ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስና አሥር እንዲይዝ አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ግን ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር አሜሪካ ያከማቸችው የፖይንት 30-06 ጥይት ብዙ ነው ብለው ከለከሉ፤ ጠመንጃው ለትልቁ ጥይት ተስተካክሎ ስምንት ብቻ ጎረሰ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲዘምቱ የታጠቁት ይህንኑ ኤም ዋን ነው። ይህ ጠመንጃ ራሱን የሚያጎርሰው ከበርሜሉ በሚቀዳ ጋዝ ስለሆነ ያገኙትን ሁሉ አይወድም፤ ከባድ እርሳስና ዝግ ብሎ የሚነድ ባሩድ ካጎረሱት ግፊቱ የጋዝ ዘንጉን ያጎብጠዋል። ይህን ሳይጠይቁ «ጠንከር ያለ ጥይት» እያሉ የሚያጎርሱ ሰዎች መሣሪያውን ባይወቅሱት ጥሩ ነው።

የመጋዘኑን ነገር የእኛም ሰው ያውቀዋል። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ ገበያ ላይ ይዘዋወር ነበር። ጥይቱ በየገበያው የሚገኝ ጠመንጃ፣ ቢያረጅም፣ ጥይት ካጣ አዲስ ጠመንጃ ይሻላል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሕግ በሚፈቅድበት አገር የሚኖርና ወረቀት ዒላማ ላይ መተኮስ የሚፈልግ ጀማሪ ፖይንት 308ን ይያዝ። ጥይቱ እንደ ልብ ይገኛል፣ በርሜሉም ከአምስት ሺህ ጥይት በላይ ይችላል። ጥይት አምራቹ ሆርናዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው 6.5 ክሪድሙር ይበልጠዋል፤ ነገር ግን በርሜሉን ቶሎ ይበላል፣ ብዙዎችም ሦስት ሺህ ሳይሞላ ይቀይሩታል። ሁለቱ በርዝመትና በቀለህ መቀመጫ ስለሚመሳሰሉ ኤአር 10 በሚባለው አካል ላይ የሚቀየረው በርሜሉ ብቻ ነው፤ እጁን ያፍታታ ሰው ኋላ ይሻገራል። ትንሹ ኤአር 15 ግን 57 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚረዝም ጥይት ብቻ ስለሚያጎርስ ለዚህ ሥራ ጠባብ ነው።

አገር ቤት ያለው አንባቢ ግን ስለ ካሊበር ከማሰቡ በፊት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያንብብ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮሱን ይተው፤ የወጣው እርሳስ የሚወርደው ሰው ባለበት መንደር ላይ ነው።