ገዢ የሚጠላው ነጥብ

ፒያሳ ድንጋይ የሚገዛ ሰው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ መጀመሪያ የሚላት ነገር «ቆሻሻ አለበት» ናት። ዋጋ የሚሰበረው በእሷ ነው። እኔ ድንጋይ ቆርጬ፣ ሞርጄ ነው የምኖረው፤ እውነት ለመናገር የሻኪሶን ኤመራልድ የምወደው ግን በዚሁ «ቆሻሻ» ነው። ፍጹም የጠራ ድንጋይ ያምራል እንጂ የትውልድ አገሩን አይናገርም።

የሻኪሶ ኤመራልድ በብዛት ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ ነው። ማይካ በሞላው አለት ውስጥ ስላደገ፣ ቡናማ የማይካ ቅጠሎችን ዋጥ አድርጎ ይዟቸዋል። የኮሎምቢያው ደግሞ ጠርዟ እንደተቀደደ ወረቀት በሆነች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ጨዋማ ውሃ፣ የጋዝ አረፋና ኩብ የጨው ክሪስታል በአንድነት ያስራል። ይሁንና የአፍጋኒስታኑ የፓንጅሺር ኤመራልድም ይህንኑ ስለሚያሳይ በማጉያ ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

እዚህ ላይ ነው የሌዘሩ መሣሪያ የሚገባው። ድንጋዩ አይሰበርም፣ አይቧጨርም። ሌዘሩ በማይክሮስኮፕ አልፎ ውስጥ ባለችው ነጥብ ላይ ያርፋል። አብዛኛው ብርሃን ቀለሙን ሳይለውጥ ይመለሳል። ከብዙ ሚሊዮን አንዱ ግን ከአተሞቹ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ፣ ቀለሙን በጥቂቱ ቀይሮ ይወጣል። ህንዳዊው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ይህን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1928 ካልካታ ውስጥ ነው፤ በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። የለውጡ መጠን እንደ ማዕድኑ ይለያያል። በስሙ በሚጠራው የራማን መሣሪያ መለኪያ ኳርትዝ 464 ላይ፣ ካልሳይት 1086 ላይ፣ አልማዝ 1332 ላይ ጉልህ መስመር ያወጣሉ።

ኤመራልድ ግን ያስቸግራል። አረንጓዴ ያደረገው ክሮሚየም ሌዘር ሲነካው በቀይ ይፈካና ደካማውን ምልክት ሊውጠው ይችላል፤ ያኔ የሌዘሩን ቀለም መለወጥ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ጨው ነው። አተሞቹ እጅግ በተመጣጠነ ሥርዓት ስለተደረደሩ ያን የመሰለ ጉልህ መስመር የለውም። ክሪስታሉን ዓይንህ እያየው መሣሪያው ዝም ይላል! አጠገቡ ያለው አረፋ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት 1285 እና 1388 አካባቢ ጥንድ መስመር ይሰጣል። ስንጥቅ ውስጥ የተሞላ ዘይትና ሙጫም በዚሁ መንገድ ይጋለጣል፤ ለነጋዴ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

ነጥቧ ግን ከንግድ ያለፈ ወሬም አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ብራዚል፣ ጁዊና፣ ባህላዊ ማዕድን አውጪዎች ከወንዝ ጠጠር ያወጡትን 5 ሚሊሜትር የማትሞላ ቡናማ አልማዝ ተመራማሪዎች በ20 ዶላር ገደማ ገዙ። ለጌጥ የማትረባ ነበረች። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የግራሃም ፒርሰን ቡድን ሲመረምራት፣ ሪንግዉዳይት የተባለ ማዕድን በዓይን የማትለይ ቅንጣት በውስጧ ተገኘች። ኤክስሬይና የራማን መሣሪያ ማንነቷን መሰከሩ፤ ግኝቱም በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ሪንግዉዳይት የሚኖረው ከ500 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ባለ ንብርብር ነው። ከዚያ በፊት በተፈጥሮ የታየው ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ብቻ ነበር።

ቅንጣቷን በኢንፍራሬድ ሲለኳት ከክብደቷ 1.5 በመቶ ያህሉ ውሃ ሆነ። ጋዜጦች ይህን ሲሰሙ ከምድር በታች ውቅያኖስ ተገኘ ብለው አስጮሁት። ውሃው ግን የሚፈስ አይደለም፤ በማዕድኑ አተሞች መካከል የተቋጠረ ነው፤ ናሙናውም አንዲት ቅንጣት ብቻ ነበረች።