የአዲግራት የአሸዋ ደንጊያ ስያሜና ጠባይ

ከአስኮ ተነሥቶ በሳንሱሲ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፥ ለሕንጻ የሚሆን የአሸዋ ደንጊያ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። የከተማይቱ የራስዋ ደንጊያ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ፥ ይህ እንግዳ በመልኩም በጠባዩም ይለያል። ነጋዴው በመጣበት አገር ስም «የአምቦ ደንጊያ» ይለዋል። የሥነ ምድር ሊቃውንትም ስም ሲያወጡ ከአገር ስም ይነሣሉ፤ ዳሩ ግን የሚሰይሙት ጭነቱን ሳይሆን በምድር ውስጥ የተዘረጋውን ንጣፍ ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በትግራይ ያየውን የአሸዋ ደንጊያ በአዲግራት ስም፥ በላዩ የተኛውን የኖራ ደንጊያ ደግሞ በአንጣሎ ስም ጠራ። ዘመቻው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ሁለቱ ስሞች ግን እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

የአዲግራት ደንጊያ ቀይ ወይም ቢጫ የሚያጠላበት፥ ፍሬው ደቃቅና መካከለኛ ነው። ይሁን እንጂ መልክን መግለጽ ብቻውን አይበቃም፤ የንጣፉ ወለልና ጣሪያ ካልተነገረ ስሙ ሌላውን ንጣፍ ሁሉ ይጠቀልላል። እንዲህም ሆኖ ነበር። ዶው፥ ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስታወቁት፥ አዲግራት ሲባል ከኖረው በታች፥ ከጥንት የበረዶ ግግር ዘመን የቀረ፥ በዕድሜ እጅግ የሚበልጥ ሌላ የአሸዋ ደንጊያ አለ። ይህም እንጢጮ ተባለ።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ቢኖር፥ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይመልከት። በዚያ የአሸዋ ደንጊያው ሁለት ነው፤ ታችኛው ከአዲግራት ጋር የሚቈጠር ሲሆን ላይኛው የደብረ ሊባኖስ ይባላል። ጄሶውና የኖራ ደንጊያው ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ የሙገር ሲሚንቶም የኖራ ደንጊያውን የሚያገኘው ከዚሁ ከመካከለኛው ክፍል ነው። እንግዲህ ኖራ ፈላጊ በታችኛው ላይ የቆመ እንደ ሆነ ሽቅብ መውጣት፥ በላይኛው ላይ የቆመ እንደ ሆነ ቍልቍል መውረድ ይገባዋል። ሁለቱን በቍራጭ ናሙና ብቻ መለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ የንጣፉን ስም ሳያረጋግጥ መቈፈሪያ የሚያጓጕዝ ሰው ገንዘቡን በአሸዋ ደንጊያ ላይ ይጨርሳል።

ለግንበኛ የሚጠቅመው ነገር ከዚህ ይቀላል፦ የአሸዋ ደንጊያ በምድር ውስጥ እንደ ተኛ ሆኖ፥ መስመሩ አግድም እንዲውል ይገነባል። በቁሙ የተደረደረ እንደ ሆነ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ፊቱ እየተላጠ ይወድቃል።