ከካልጋሪ ቤዝመንት የወጣ ቁልፍ

ትንሽ የጋራ ሰርቨር አንድ ኮምፒውተር ነው፤ አንዳንዱ ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ አንዳንዱ በወር ጥቂት ዶላር የሚከራይ ማሽን። ሃያ ሠላሳ ሰው አካውንት ይኖረዋል፦ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ። ኢሜይላቸው እዚያ ይገባል፣ ፋይላቸውም እዚያው ያድራል። የሚንከባከበው ብዙ ጊዜ ከሥራ መልስ ጊዜውን የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ነው። የእሱ ዋና ሥራ ማሽኑን መጠገን ይመስላል እንጂ፣ አብዛኛው ሰዓቱ የሚያልቀው ሰውን ወደ አካውንቱ በማስገባት ነው።

«ፓስዎርዴን ረሳሁት፣ እስቲ እይና ንገረኝ» ይሉታል። «ጋሼ፣ አዲስ አወጣልዎታለሁ እንጂ የድሮውን እኔም አላየውም» ሲል ሰነፈ ወይም ደበቀ ብለው የሚጠረጥሩት አሉ። ያለው ግን እውነት ነው። በደንብ የተሠራ ሰርቨር ፓስዎርዱን አያስቀምጥም። በሒሳብ ስሌት ወደ ኋላ ወደማይመለስ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይለውጠውና ድርድሩን ብቻ ይይዛል። ባለቤቱ በገባ ቁጥር የጻፈው እንደገና ይሰላል፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ይገባል። ኒልስ ፕሮቮስና ዴቪድ ማዚዬርስ ለዚህ ሥራ የነደፉት ቢክሪፕት የሚባለው ዘዴ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ ነው። ለአንድ ገቢ የሰከንድ ሽራፊ ከምንም አትቆጠርም፤ ድርድሩን ሰርቆ ሚሊዮን ግምት ለሚሞክር ሌባ ግን ተደማምራ ረጅም ጊዜ ትፈጃለች።

ቢክሪፕት የተሠራው ኦፕንቢኤስዲ ለሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። የዚህ ሥርዓት ቤት ደግሞ የካናዳዋ ካልጋሪ ናት። በዚች ከተማ የሚኖረው ሐበሻ ስለ ነዳጅ ዘይትና ስለ ክረምቱ ብዙ ያወራል፤ ይህን ግን ሲያነሣ አልሰማሁም። መሥራቹ ቲዮ ደ ራድት ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በልጅነቱ ካልጋሪ ገባ፣ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ ከዚያም ኔትቢኤስዲ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮጀክት ባልደረቦቹ ጋር ተጣልቶ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የራሱን ጀመረ። በለሰለሰ አንደበት የሚታማ ሰው አይደለም። የፕሮጀክቱ ማሽኖች ለብዙ ዓመታት በቤቱ ቤዝመንት ተደርድረው ሠርተዋል፤ በ2014 መጀመሪያ ላይ የፕሮጀክቱ ሰዎች 20,000 የካናዳ ዶላር የሚደርስ የመብራት ሒሳብ የሚከፍልላቸው ካላገኙ ሊዘጉ እንደሚችሉ አስታውቀው ለጋሾች ደረሱላቸው።

ከዚያ ቤት የወጣው ትልቁ ነገር ግን ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያው ኦፕንኤስኤስኤች ነው። በ1990ዎቹ ሰው ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚገባው በአብዛኛው በቴልኔት ነበር። ቴልኔት ስምንም ፓስዎርድንም ሳይሸፍን ይልካል፤ መስመሩ መሐል ጆሮውን የጣለ ሁሉ ያነበዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ የኢንተርኔት አገልግሎት ስትጀምር ይህ ልማድ ገና አልጠፋም ነበር። በ1995 ፊንላንድ ውስጥ አንድ ሰርጎ ገብ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን መረብ አድምጦ ፓስዎርዶች ለቀመ፤ እዚያ ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነን ተበሳጭቶ ሁሉንም ነገር መስጥሮ የሚልክ ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። በኋላ የፕሮግራሙ ፈቃድ እየጠበበ ሲሄድ የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ነፃ የነበረውን የቀድሞ ቅጂ አንሥተው አጸዱት፤ በዲሴምበር 1999 ኦፕንኤስኤስኤች ብለው ለቀቁት። ካናዳ መሆናቸው ጠቅሟቸዋል፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይገድብ ነበር። ዛሬ በሊኑክስ ሰርቨሮችና በማክ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋርም ይመጣል።

ኦፕንኤስኤስኤች ፓስዎርድን ጨርሶ ማስቀረትም ይችላል። ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ጥንድ ያመርታል፤ አንዱ ጓጉንቸር፣ አንዱ መክፈቻ። ጓጉንቸሩን ለበጎ ፈቃደኛው ይልካል፣ እሱም ሰርቨሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ መክፈቻው ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም። በኔ ግምት የዚህ ዘዴ ትልቁ ውለታ ለበጎ ፈቃደኛው ረዳት ነው። የሰው ምስጢር ሳይነካ ሰውን ያስገባል፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ «ፓስዎርዱን አንተ ታውቅ ነበር» የሚለው የለም።

በእርግጥ ይህም ያስቸግራል። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የግል ማኅደሩን ፈቃድ አላልቶ ሌሎች እንዲጽፉበት ክፍት ካደረገው ሰርቨሩ ያንን ጓጉንቸር አያምነውም፤ ለተጠቃሚው የሚታየው «ተከልክሏል» የሚል ብቻ ነው፣ ምክንያቱ የሚጻፈው ሰርቨሩ መዝገብ ላይ ነው። ረዳቱ መዝገቡን ሳያይ አዲስ ቁልፍ ደጋግሞ ቢያስመርት በከንቱ ያመሻል። ሰርቨሩ በአዲስ ማሽን ሲተካ ደግሞ የሁሉም ስክሪን የሰርቨሩ ማንነት ተለውጧል የሚል አስደንጋጭ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። «ዝም ብላችሁ እለፉት» ማለት ይቀላል፤ ያን የለመደ ሰው ግን እውነተኛ አስመሳይ ሲመጣም ያልፈዋል። ስለዚህ የድሮውን ማሽን መለያ ቁልፍ ወደ አዲሱ አስቀድሞ መገልበጥ ይሻላል።

የኢሜይሉ ጣጣ ከዚህ ይቀላል። መቀበል እየቻሉ መላክ እምቢ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ስልካቸው ላይ የሞሉት የመላኪያ በር (ፖርት) ቁጥር 25 ነው፤ ብዙ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች ይዘጉታል፣ ወደ 587 ሲቀየር ይሠራል። መቀበል ያቃታቸው ደግሞ የተመደበላቸውን ቦታ በፎቶ ሞልተውት ይገኛሉ።

አሳሳቢው በስልክ የሚመጣው ልመና ነው። «እኔ እኮ ነኝ፣ ቶሎ ቀይርልኝ» የሚል ድምፅ የአካውንቱ ባለቤት ላይሆን ይችላል፤ ድምፅ ደግሞ ዛሬ በቀላሉ ይመሰላል። ረዳቱ ስልኩን ዘግቶ መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ራሱ መደወል አለበት። ቅር የሚላቸው ይኖራሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚገናኙ ከሆነማ ጊዜያዊውን ፓስዎርድ በወረቀት ጽፎ በእጃቸው መስጠት፣ ሰርቨሩንም መጀመሪያ ሲገቡ እንዲያስቀይራቸው ማዘዝ ነው።