ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47 ገልጦ ያነበበ ሰው በተራ ቁጥር 7 ላይ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን ያገኛል። ክልሉ ግን የለም። ሰነዱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ የቆጠራቸው ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ 12 ናቸው። አንዱ ፈርሶ አራት ወልዷል።

ደቡብ ራሱ የተሰፋ ክልል ነበር። በሽግግሩ ዘመን በቁጥር ይጠሩ የነበሩ አምስት ክልሎች ተጠቃለው፣ ከ50 በላይ ብሔረሰቦች ሐዋሳን ዋና ከተማቸው አድርገው በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ይኸው አንቀጽ 47 መውጫውንም አብሮ ጽፎላቸዋል፦ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከወሰነ፣ የክልሉ ምክር ቤት ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት።

በሩን መጀመሪያ ከፍቶ የወጣው ሲዳማ ነው። የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ጠየቀ፤ ዓመቱ ድምፅ ሳይሰጥ አለቀ። ወጣቱ «11/11/11» እያለ የጠበቃት ሐምሌ 11 ቀን 2011 ስትመጣ ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ክልል መሆን የፈለገ የሻፌታን ምልክት፣ ከደቡብ ጋር መቆየት የፈለገ የጎጆን ምልክት ይመርጣል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ምን እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። ዘገየ እንጂ፣ ጥያቄውና ምርጫው አንድ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ «ክላስተር» የሚባል ቃል መጣ፦ ብዙ ዞኖችን በአንድ ክልል መጠቅለል። በአንቀጽ 47 ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። መስከረም 20 ቀን 2014 ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በጋራ ድምፅ ሰጥተው ደቡብ ምዕራብ ሆኑ። ጥር 29 ቀን 2015 ደግሞ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን ለመመሥረት ተከተሉ። ከእነሱ መካከል የወላይታው ውጤት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን ድምፁ እንደገና ተሰጠ። ወላይታ መጀመሪያ የጠየቀው ግን ለብቻው ክልል መሆንን ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያገኘው ከሌሎች ጋር አዲስ ክልል መመሥረትን ወይም በነበረበት መቆየትን ነው። የጠየቀው ነገር በምርጫነት እንኳ አልቀረበለትም።

የመንግሥት ሥጋት ከንቱ ነው አልልም። ጥቂት ሕዝብ ያለው ብሔረሰብ ሁሉ ርእሰ መስተዳድር፣ ምክር ቤትና ቢሮዎች ካቆመ በጀቱ ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል። ግን ክላስተሩም ቢሆን በቁጠባ አይታማም። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደሩን ወላይታ ሶዶ፣ ምክር ቤቱን አርባ ምንጭ አስቀምጦ፣ ሌሎች ተቋማቱን በየከተማው በትኗል። ማንም ከተማ እንዳይከፋው ሲባል ባለጉዳዩ በአውቶቡስ ይመላለሳል።

ክልል የመሆን መብቱ ሰፍቷል ከተባለ ማጥበቢያው መንገድ ተጽፏል። አንቀጽ 105 እንደሚለው፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ከተስማሙ አንቀጽ 47 ይሻሻላል። በ12 ክልሎች ስሌት ስምንት ምክር ቤቶች ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ሕገ መንግሥት እንደ መመሪያ በየወቅቱ እንዳይቀያየር ታስቦ የተደረገ ነው። እንደ እኔ ግን፣ ጽሑፉን ሳይነኩ አሠራሩን ብቻ መለወጥ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ዜጋው የትኛውን አምኖ ይጠይቅ?

ይህ በጉራጌ ዞን ጎልቶ ይታያል። የዞኑ ምክር ቤት ክልል ልሁን ብሎ በ2011 ወሰነ፤ የክላስተሩን ሐሳብ በነሐሴ 2014 ውድቅ አደረገ። በዓመቱ ሌሎቹ ሲወጡ የቀረው የደቡብ ክፍል ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ፣ ጉራጌም እዚያው ውስጥ ቀረ። ሲዳማም፣ ካፋም፣ ወላይታም ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሄደዋል። በጉራጌ ዞን ለወልቂጤ መራጭ ግን ወረቀቱ አልደረሰውም።