ስምንት ሰኮንድ፤ ሮዴዎን በቴሌፎቶ ሌንስ ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት

ፎቶግራፍ ማንሳት ለሚወዱ የትምህርት ቤታችን ጓደኞች ይጠቅም ይሆናል በማለት፥ በ2016 ዓ.ም. ክረምት አጎቴን ለመጠየቅ ወደ ካናዳ በሄድኩ ጊዜ የተማርኩትን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

አጎቴ የሚኖረው በአልበርታ ግዛት በካልጋሪ ከተማ ነው። ከተማይቱ ስታምፒድ በተባለው የሮዴዎ በዓልዋ የታወቀች ስትሆን፥ በዓሉ በመጀመሪያ የተደረገው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ በፈረንጆች ጁላይ ወር ለዐሥር ቀናት ይከበራል። እኔ ግን ካሜራ ይዤ የሄድኩት ከካልጋሪ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ወደሚደረገው ሮዴዎ ነው፤ በዚያ ተመልካች ከአጥሩ አጠገብ ለመቆም ይችላልና።

ሮዴዎ ማለት ካውቦይ የሚባሉት ከብት ጠባቂዎች ሙያቸውን የሚያሳዩበት ውድድር ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የሚራገጥ ፈረስ መጋለብ ነው። ፈረሱ በጠባብ በረት ውስጥ ቆሞ ሳለ ጋላቢው ይቀመጥበታል፤ በሩ ሲከፈት ፈረሱ ይዘላል፥ ይራገጣል፥ ይሽከረከራል። ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስምንት ሰኮንድ መቆየት አለበት፤ ባዶ እጁ ፈረሱን ከነካ ነጥብ አያገኝም። ከመቶው ነጥብ ግማሹ የሚሰጠው ለፈረሱ አዘላለል ስለሆነ፥ ፈረሱ በከፋ ቁጥር ጋላቢው ይጠቀማል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ በእኛ አገር ጉግስ የሚመሰገነው የታዘዘ ፈረስ ነውና።

አጎቴ የታክሲ ነጂ ነው። ቅዳሜ ሥራውን ትቶ ወሰደኝ፤ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርሰውን፥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝነውን ሌንሱንም አዋሰኝ። በዚያን ቀን ከስድስት መቶ በላይ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ማታ ስናያቸው ግን አንድም የረባ አልተገኘም፤ በአንዳንዱ ፈረሱ እንደ ጭስ ደብዝዟል፥ በአንዳንዱ አጥሩ ጥርት ብሎ ፈረሱ ጠፍቷል፥ በሌላው የፈረስ ጭራ ብቻ ይታያል። አለቀስኩ ብል ውሸት አይሆንብኝም። አጎቴ ግን፦ «ሌንሱ አልበደለሽም፤ ይልቅ ሒሳቡን እንሥራ» ብሎ ወረቀት አመጣ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፈረሱ በአንድ ሰኮንድ ዐሥር ሜትር ይሄዳል እንበል። የካሜራው መዝጊያ ለሰኮንድ አንድ መቶኛ ክፍት ቢሆን፥ በዚያች ጊዜ ፈረሱ ዐሥር ሳንቲሜትር ይሄዳል፤ ለአንድ ሺኛ ቢሆን ግን አንድ ሳንቲሜትር ብቻ። እኔ ያነሣሁት በአንድ መቶ ስድሳኛ ነበር! የተሳሳትኩበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ከባለ 50 ሚሊሜትሩ አራት እጥፍ አጉልቶ ስለሚያሳይ፥ በእጅ ለሚይዘው ሰው ቢያንስ አንድ ሁለት መቶኛ ያስፈልጋል የሚል የቆየ ደንብ አለ። የአጎቴ ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስታግሥ መሣሪያ ስላለበት፥ ከደንቡ ዝቅ ብል ግድ የለም ብዬ ታመንኩ። መሣሪያው የሚያስታግሠው ግን የእኔን እጅ እንጂ ፈረሱን አይደለም።

ታዲያ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ለምን አልያዝሽም የሚል ይኖራል። ፈረሱ በየት እንደሚዞር ራሱም የሚያውቅ አይመስልም፤ ማቆሚያውን እስክናዞር ስምንቱ ሰኮንድ ያልቃል። ስለዚህ ግራ እጅን ከሌንሱ በታች አድርጎ፥ ሁለቱን ክርኖች ከጎን ጋር አጣብቆ፥ እግርን ከፈት አድርጎ ከወገብ መዞር ይሻላል። ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት ሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ወደ አራት ሜትር ብቻ ነው፤ እንግዲህ ማነጣጠር የሚገባው በጋላቢው ደረት ላይ ነው። የግራ ዓይንም አይጨፈን። በሌንሱ ውስጥ የሚያይ ሰው ከጎኑ የሚመጣውን አያይም፥ ከአጥር አጠገብ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የፊዚክስ ትምህርት ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት እንደሚቆም፥ የዘለለ ፈረስም ከፍታው ጫፍ ላይ ሽቅብም ቁልቁልም አይልም። ቁልፉን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ መጫን ነው፤ አይቶ የሚጫን ሰው ዘግይቷል።

እሑድ አጎቴ እንደገና ሥራውን ትቶ ቲኬት ገዛልኝ። በአንድ ሺኛ ማንሣት ጀመርኩ። አራተኛው ጋላቢ ሲወድቅ እጁ በመያዣው ውስጥ ተቀርቅሮ ፈረሱ ይጎትተው ጀመር፤ በፈረስ ሆነው የሚጠብቁ ሁለት ረዳቶች ደርሰው አላቀቁት። እኔ እስኪላቀቅ ድረስ ጣቴን ከቁልፉ አላነሣሁም። ሰውዬው እያነከሰ ተነሥቶ ለሕዝቡ ባርኔጣውን ሲያወዛውዝ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው።

ከሁለቱ ቀን ሥራ ሁሉ ጥርት ያለው ያ ፎቶግራፍ ነው፤ የሰውዬው የፊቱ ድንጋጤ እስኪነበብ ድረስ። ለመጽሔቱ አዘጋጆች የሰጠሁት ግን ሌላውን፥ የፈረሱ አራት እግሮች ከመሬት ተነሥተው ባርኔጣው በአየር ላይ የሚታይበትን ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ደብዝዟል። አጎቴ በስልክ ሲያገኘኝ እስከ ዛሬ «የተሻለውን ደበቅሽው» ይለኛል።