የእንግዳ ባለሙያ ቆይታ ለንግድ ያለው ጥቅም

በውጭ አገር በከፍተኛ ትምህርት ቤቶችና በቴአትር ቤቶች ዘንድ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ይኸውም የሙዚቃ ወይም የትርኢት ባለሙያን ለተወሰነ ጊዜ በእንግድነት ተቀብሎ፥ ማደሪያና ቀለብ፥ መሣሪያና ረዳት ሰጥቶ፥ አዲስ ነገር እንዲሞክር ማድረግ ነው። ባለሙያው በቆይታው የሚሸጥ ዕቃ እንዲያቀርብ አይገደድም። ይህን የሰማ ነጋዴ ትርፉ የት አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

መልሱን ከክራር ታሪክ ማግኘት ይቻላል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ከ2007 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ ተቋም ቆይተው የኢትዮጵያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስለ ማሻሻል ሠርተዋል፤ በቅዱስ ያሬድ ስም ከሰየሙት ኦፔራም ከፊሉን ለሕዝብ አሰምተዋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ እንግዳ ባለሙያ ሆነው፥ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት ለተነሡት ሰዎች ምክር ሰጥተዋል።

ክራር መሻሻል ያስፈለገው ስለምንድን ነው? ጅማቱ አምስት ወይም ስድስት ሲሆን የሚሰጠውም የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር ሕዝብ እየጠበቀ እንደገና መቃኘት ግድ ይሆናል። ድምፁም ብቻውን ለትልቅ አዳራሽ አይበቃም። አዲሱ ብልሃት የጅማቱን ንዝረት በትንሽ መቀበያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ፥ ለምሳሌ በሙዚቃ ሲዲ ልክ በሰከንድ 44,100 ጊዜ፥ እየለካ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ድምፅ ቁጥር ከሆነ በኋላ ቅኝቱን መለወጥ፥ ድምፅን በድምፅ ላይ መደረብ፥ ከመብራትና ከምስል ጋር ማያያዝ ይቻላል። ነገር ግን ጣት ጅማቱን ከነካ በኋላ ድምፁ ጥቂት ቢዘገይ ተጫዋቹ ምቱ ይጠፋበታል፤ መብራት ቢቋረጥም ትርኢቱ ይቆማል። ይህን ሁሉ ተመልካች ሳይመጣ አስቀድሞ ለመፈተን ጊዜና ስፍራ ያሻል። የእንግድነቱ ቆይታ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ንፋስ መውጫም ባዕድ አይደለም። ለክራር የሚሆን ቁርበትና እንጨት በጋይንት ይገኛል፤ መቀበያው፥ ማጉያውና ኮምፒዩተሩ ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸው። አስመጪው የትኛውን ዕቃ ማምጣት እንደሚገባው፥ ባለሱቁ ምን መለዋወጫ እንደሚይዝ፥ ላኪውም ለውጭ ገዢ ምን ዐይነት ክራር እንደሚያቀርብ በእርግጥ የሚያውቀው፥ ባለሙያው ፈትኖ ሲነግረው ነው። ሳይፈተን የተገዛ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ለአንድ ክራር ሠሪና ለአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ማደሪያና ቀለብ ማዋጣት ለተባበሩ ነጋዴዎች ከአቅም በላይ አይሆንም። ክራርን የማሻሻሉ ሥራ በባሕር ማዶ ብቻ ከቀረ ግን፥ የጋይንት ሰው የአያቱን መሣሪያ ነገ እንደ ማናቸውም የውጭ ሸቀጥ ቀረጥ ከፍሎ የሚያስገባው ይሆናል።